ቃታ የሌላቸው

አባቴ የተወው ሦስት ብረት ነው፣
የቀረውን ባንኩ ወሰደው።
ሱ ፎልስ ዳር፣ ምድር ቤት፣ ከቦይለሩ ጎን፣
የቆርቆሮ ቁም ሣጥን አለ፤
በአርባው ማግሥት ከፈትኩት።

አንደኛው የቆቅ ነው።
"ፌዛንት ነው ስሟ" ቢሉት፣ እሱ ግን ቆቅ ያላት፤
"ላባ አላት፣ ትደነግጣለች፣ በቆሎ ትወዳለች፤
ከቆቅ በምን ታንሳለች?"
የማይበላውን ሥጋ ሲቆርጥ ከርሞ በፋብሪካ፣
ጥቅምት ሲገባ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአርሊን ጋር በፒክአፕ መኪና፣
ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ፣ እንደ መንገድ ሠራተኛ እያበራ፣
ይሄዳል። ይተኩሳል። ትበራለች።
ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ።
አረም በሱሪው፣ ሳቅ በጉንጩ፣ ባዶ እጁን ይገባል፤
እናቴ ገና ሲወጣ ታውቀዋለች፣
ዶሮውን ከፍሪጅ አውጥታ ትጠብቀዋለች።

ሁለተኛዋ ትንሽ ናት፣ ለጥንቸል የተገዛች፤
ጎመኑን ጨረሱበት።
በጓዳው መስኮት ያነጣጥራል፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ውጦ፣
ይቆያል፣
ይቆያል፣
"ዛሬስ ይብሉ" ይልና ያወርዳታል።

ሦስተኛው ምንሽር ነው፤ አሮጌ፣ ሰደፉ የተሰነጠቀ፣
ሚቸል ከተማ፣ የብረት ገበያ፣ ከጠረጴዛ ሥር ያገኘው።
ጥይቱ መሠራት ካቆመ ስንት ዘመኑ!
"ምን ያደርግልሃል?" ስንለው፣
"ሽማግሌ ነው፤ መጦር አለበት" አለን።
እሁድ ማታ በእኔ ከናቴራ ይወለውለዋል፤
የቅርጫት ኳስ ቁጥሬ፣ ሃያ ሦስት፣
ዘይት ጠጥቶ እስኪጠቁር።

ከሰዓት በኋላ ነጋዴው መጣ።
አንዱን አነሳ፣ በባትሪ አየ፤
ሌላውን አነሳ፤ ሦስተኛውን።
"ቃታ የላቸውም" አለኝ። "አንዳቸውም።
አባትህ በምን ይተኩሳል? በምኞት?"

ማታ አርሊን መጣ። በረዶውን ከጫማው አራግፎ፣
ግራጫ ካልሲ አስቀመጠ፣ ጠረጴዛው ላይ፤ ኳ! አለ።
"ከሎከሩ ነው" አለኝ።
"አሥራ አንድ ዓመት። ሥራ ሲገባ በሎከር፣ ሲወጣ በኮቱ ኪስ።
'ቢሻው፣ ብረት እኮ ነው፣ ይከብድሃል' ስለው፣
'ቤት ካለው ይቀላል' ይለኛል፤
ቤት ምን እንዳለ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩት።"

እኔ አውቀዋለሁ።

ጥር ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ፣
ከሰው መነጋገር ያቆምኩበት ክረምት፣
መጋረጃ የማልገልጥ፣ የቀረበልኝን የማልቀምስ።
አንድ ሌሊት ምድር ቤት ወርጄ ነበር።
እጀታውን ነካሁት። ቀዘቀዘኝ።
ቆየሁ።
ተመለስኩ። ሦስተኛዋ ደረጃ ጮኸች፤
ከሷ በቀር የሰማ የለም ብዬ ነበር።

በማግሥቱ "ጉልበቴ እምቢ አለኝ" ብሎ አደን ተወ፤
አርሊን ሳቀበት፣ እኛም ሳቅንበት።
ከዚያ ወዲህ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ይሄድ ነበር፤
ሐኪሙ "ወገቡ ነው" አለ፣ እናቴ "ብርድ ነው" አለች፣
እኔ እርጅና መሰለኝ።
ሌሊት ኮቱን ተንተርሶ ይተኛ ነበር፤
ትራስ እያለ።
አንድ ቀን እንኳ "ምን ሆነህ ነበር?" አላለኝም።
ጠዋት በሬን ከፈት ያደርጋል፣
እግሬን ያያል፣
ይዘጋዋል።

ስንት ጥቅምት ሙሉ ተኩሶ አንዲት ላባ ያላወረደ ሰው፣
ኢላማ አያውቅም ያልነው...

ነጋዴው ነገ ይመለሳል። ሁለቱን ይውሰድ።
ምንሽሩ ይቀራል፤ መጦር አለበት።
ካልሲውን በኮቱ ኪስ፣ ኮቱን በትከሻዬ አድርጌ
መብራቱን አጠፋሁ።
ቀኝ ጎኔ ወረደ።
ደረጃውን ይዤ ወጣሁ፤ ሦስተኛዋ ጮኸች።
እናቴ ከላይ፣ ድስት እያማሰለች፣ ዞር ሳትል፣
"ቢሻው?" አለች።